ስንት ጡሩምባ ይሰማል?

አምፕሊፋየር ሊገዛ የወጣ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዋት ነው። ሻጩም በዋት ይመልስለታል፤ ካርቶኑ ላይ ከሁሉ ጎልቶ የተጻፈውም እሱ ነው። ዕቃው ለሰርግ ድንኳን ወይም ለአደባባይ በዓል የሚውል ከሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ የጃዝ ሸክላ ለሚሰማ ሰው ግን ዋት ከብዙ ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ ያውም ወረፋው ወደ ኋላ ነው። የዚህ ምዕራፍ ክርክር አንድ ነው። የቤት አምፕሊፋየር ሊመዘን የሚገባው አብረው የሚነፉ፣ የሚመቱና የሚደረደሩ መሣሪያዎችን ሳያደባልቅ በማሳለፉ ነው፤ የተሻለ አምፕሊፋየር ማለት የተሻለ የሚለይ ማለት ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነኝን ከሁለት ቦታ እወስዳለሁ። አንደኛው የኤሌክትሪክና የጆሮ ጠባይ ነው። ሁለተኛው የድምፅ ዕቃ ነጋዴዎች ጠቅሰውት የማያውቁት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው፤ በተለይም አሶሳና አካባቢዋ።

አሶሳ በጃዝ አልበም ላይ ስሟ ሰፍሯል። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው «ሙላቱ ስቴፕስ አሄድ» ውስጥ አንዱ ሥራ በቀጥታ «አሶሳ» ይባላል። ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣው «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ» ደግሞ «አሶሳ ደራሼ» እና «ጉሙዝ» የሚሉ ርዕሶች አሉ። ጅማ ተወልዶ፣ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተኑ በርክሊ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል»ን ያሳተመ ሰው፣ ዕድሜው ስድሳን ካለፈ በኋላ በሱዳን ድንበር አጠገብ ወዳለች ከተማ ፊቱን ማዞሩ ለርዕስ ማሳመሪያ ብቻ አይመስለኝም። አሶሳንና ደራሼን በአንድ ርዕስ ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካርታ ቢዘረጋ መልስ አያገኝም፤ አንደኛዋ በምዕራብ ጠረፍ፣ ሌላው በደቡብ ነው። በእኔ ንባብ መልሱ ያለው በአነፋፋቸው ላይ ነው።

በአሶሳ ዙሪያና ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ብሉ ናይል የሚኖሩት በርታዎች ዋዛ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ስብስብ አላቸው። ከቅል የተሠሩ፣ በርዝመታቸው የሚበላለጡ ጡሩምባዎች ናቸው፤ ትልቁ የሰው ቁመት ያህላል። አንድ ነፊ ዜማውን ሙሉ አይነፋም። በመሠረቱ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ድምፅ ነው፤ ተራው ሲደርስ ይነፋል፣ ያልፋል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ዜማው የሚፈጠረው ከነፊዎቹ በአንዳቸውም ዘንድ ሳይሆን በመካከላቸው ነው። ደራሼዎችም ፊላ በሚባለው የዋሽንት ስብስባቸው የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው፤ ድምፁ ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ፣ ዜማው በቅብብሎሽ ይገጣጠማል። ለእኛ ክርክር ወሳኙ ነጥብ ይህ ነው። በአንድ የጃዝ ኦርኬስትራ ውስጥ ሦስተኛው ትራምፔት ባይሰማ ቅንብሩ ይሳሳል እንጂ ዜማው አይጠፋም፤ መሪው ይዞታልና። ከዋዛው ስብስብ አንድ ጡሩምባ ከጠፋ ግን ዜማው ራሱ ይሸነቆራል። ስለዚህ ዋዛን በትክክል መስማት ማለት የግድ እያንዳንዱን ነፊ ለይቶ መስማት ነው። ለአምፕሊፋየር ከዚህ የበለጠ ጨካኝ ፈተና ማሰብ ያስቸግራል።

ፈተናው ለምን አምፕሊፋየርን እንደሚያስጨንቀው ለመረዳት፣ አምፕሊፋየር ሲሳሳት ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥሩ አምፕሊፋየር የገባለትን ሞገድ ቅርጹን ሳይለውጥ አሳድጎ ያወጣዋል። ቅርጹን ካዛባ ግን ያልነበረ ድምፅ ይጨምራል። አንድ ድምፅ ብቻ ሲያልፍ የሚጨመረው የዚያው ድምፅ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ ነው፤ እነዚህ ከመሣሪያው ተፈጥሯዊ ቃና ጋር ስለሚገጥሙ ጆሮ ብዙ አይቆጣም። አንዳንዱ ሰው እንዲያውም «ሞቅ ያለ ድምፅ» ብሎ ይወደዋል፤ በቫክዩም ቱቦ የሚሠሩ አሮጌ አምፕሊፋየሮች ከሚወደዱበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ድምፆች አብረው ሲያልፉ ነው። በሴኮንድ 440 እና 466 ጊዜ የሚርገበገቡ ሁለት ድምፆችን እንውሰድ፤ በፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ነጭና ጥቁር ቁልፎች ናቸው። የሚያዛባ አምፕሊፋየር ከእነዚህ የሁለቱን ልዩነት 26ን፣ እንዲሁም 414 እና 492ን ይወልዳል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የማንም ቃና አይደሉም፤ ከዋናዎቹ ግራና ቀኝ ተለጥፈው ይቀመጣሉ። ድምፆቹ ሦስት፣ አራት፣ አሥር ሲሆኑ እንዲህ ያለው ትርፍራፊ በፍጥነት ይባዛል፤ በመሣሪያዎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሞልቶ ጭጋግ ያደርገዋል። ብዙ ሰው «ሲጮህ ይረብሸኛል» የሚለው ይህን ነው። ድምፁ ስለበዛ ይመስለዋል፤ የበዛው ግን ማንም ያልተጫወተው ድምፅ ነው።

የኢትዮጵያ ጃዝ ለዚህ በሽታ ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ ይመስለኛል። ሙላቱ የሠራው ሥራ በአጭሩ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶችን ከአሥራ ሁለቱ ድምፅ የምዕራብ ስምምነት ጋር ማስማማት ነው። በአንቺ ሆዬ ላይ የተመሠረተ ዜማ ተጠጋግተው የሚጋጩ ድምፆች አሉት፤ ከሥሩ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ሌላ ድምፅ ሲደርብበት ግጭቱ ሆን ተብሎ የተቀመመ ነው። ቫይብራፎን ሲመታ ደግሞ መነሻው ስለታም፣ ጭራው ረጅም ነው፤ የመጀመሪያው ምት ገና ሳይጠፋ ሁለተኛው ይደርሳል፣ በላያቸው ላይ ሳክስፎን ይገባል። አምፕሊፋየሩ ንጹሕ ከሆነ ቅመሙ ቅመም ሆኖ ይሰማል። ካልሆነ ግን አድማጩ ሙዚቀኞቹ ቅኝት የሳቱ ይመስለዋል። ለኢትዮጵያ ሙዚቃ «የተዘጋ ድምፅ» የሚል ስም ካወጡለት ሰዎች መካከል ሙዚቃውን በደህና ዕቃ ሰምተውት የማያውቁ ጥቂት አይመስሉኝም።

እዚህ ላይ ከጃዝ ታሪክ ውስጥ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ሁሉም ሙዚቃ እንዲለይ አይፈለግም፤ ጥሩ አቀናባሪ እንዲያውም ማን እንደሚነፋ እንዳይታወቅ አድርጎ ያዋሕዳል። ለዚህ የሚጠቀሰው ዱክ ኤሊንግተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣው «ሙድ ኢንዲጎ» የተለመደውን ተራ ገለበጠው፤ አፋቸው የታፈነ ትራምፔትና ትሮምቦን ከላይ፣ በልማድ ከላይ የሚቀመጠውን ክላርኔት ደግሞ በወፍራም ድምፁ ከታች አደረገ። የወጣው ቃና የሦስቱም፣ የአንዳቸውም ያልሆነ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ ጋር ተገናኝቷል፤ ስለ ቅልቅል የሚያወሩ ሁለት ሰዎች ከነበሩ እነሱ ነበሩ ለማለት ይቻላል። ተቃውሞው ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የኤሊንግተን ውሕደት የተለካ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን ያህል እንደሚገባ እሱ ወስኗል። አምፕሊፋየር የራሱን ትርፍራፊ ሲጨምርበት የአቀናባሪው ልኬት ይበላሻል። ዶሮ ወጥ ውስጥ ሽንኩርቱ ከበርበሬው አይለይም ብሎ እሳቱን ያልጠበቀውን ሰው ማመስገን አይቻልም፤ ያረረም ወጥ እኮ አንድ ላይ ይያያዛል።

ወደ ዋት እንመለስ፤ የናቅነው እንዳይመስል። ተራ የቤት ስፒከር በአንድ ዋት ኃይል አንድ ሜትር ላይ 88 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል፤ ይህ ለሳሎን ጮክ ያለ ነው። ስለዚህ ሰው በተለመደው መጠን ሲያዳምጥ አምፕሊፋየሩ በአማካይ የሚያወጣው ከአንድ ዋት ያነሰ ነው ቢባል ብዙ ሰው አያምንም። ዋትን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ግን 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ባለ 50 ዋቱን በባለ 100 የቀየረ ሰው ያገኘው ጭማሪ ስስ ነው። ዋት የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። ጃዝ በአማካዩ ዙሪያ ተረጋግቶ አይቀመጥም፤ የከበሮ ምት ወይም የነሐስ መሣሪያዎች አንድ ላይ መግባት ከአማካዩ በ15 ዴሲቤል ሊዘል ይችላል። ለዚያች ቅጽበት የሚያስፈልገው ኃይል ከሠላሳ እጥፍ ይበልጣል። አምፕሊፋየሩ ከሌለው የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ቆረጠው ማለት አዛባው ማለት ነው፤ ከላይ የተባለው ጭጋግም ያኔ ይወርዳል። ሁሉም ነፊ አንድ ላይ ሲገባ፣ ማለትም መለየት ይበልጥ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ መለየቱ ይጠፋል።

ይህ ደግሞ ከግድግዳው ሶኬት ጋር ይገናኛል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በጉባ ወረዳ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መገኛ ነው፤ ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው ተርባይን በየካቲት 2014 ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ጉባ ላይ የሚመነጨው ግን በ500 ኪሎቮልት መስመር አገር አቋርጦ ይሄዳል፤ በአንድ ቤት ሶኬት ላይ የሚደርሰው የመብራት ጥራት የሚወሰነው በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በሽቦው ርዝመት ነው። ይህ የትም ከተማ ያለ ጉዳይ ነው፤ ምሽት ላይ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጅ ይወርዳል። ከባድ ትራንስፎርመር ያለው የተለመደ አምፕሊፋየር የውስጥ ቮልቴጁ ከሶኬቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። 220 ቮልት ወደ 176 ቢወርድ ማውጣት የሚችለው ኃይል ወደ 64 በመቶ ያሽቆለቁላል። በድምፅ መጠን ይህ ከ2 ዴሲቤል ያነሰ ነው፤ አድማጩ ላያስተውለው ይችላል። የሚያስተውለው የሞገዱ ጫፍ ቀድሞ መቆረጡን ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል የኃይል ክፍል ያላቸው አዳዲሶቹ ትንንሽ ክላስ ዲ አምፕሊፋየሮች እዚህ ላይ ከከባዶቹ ይሻላሉ፤ የኦዲዮ አፍቃሪ ነን የሚሉ ሰዎች ቢንቋቸውም። ሙቀትም አለ። በአምፕሊፋየር ውስጥ ያለው የኤሌክትሮላይት ካፓሲተር በ10 ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ እንደ አሶሳ ባለ ሞቃታማ ከተማ፣ ያውም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት የሚኖር አሮጌ አምፕሊፋየር እርጅናው ፈጣን ነው። ሲያረጅ ማጉረምረም ይጀምራል። የመብራታችን ርግብግቢት በሴኮንድ 50 ስለሆነ ጉርምርምታው 100 ላይ ይወጣል፤ ይህ በትክክል ቤዝ ጊታር የሚመላለስበት ሰፈር ነው። ማጉረምረሙ ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ የቤዙን እግር ያደበዝዘዋል።

አሁን ትልቁ ተቃውሞ። እ.ኤ.አ. በጥር 1987 «ስቴሪዮ ሪቪው» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከርካሽ ሪሲቨር እስከ እጅግ ውድ አምፕሊፋየር ሰብስቦ፣ የድምፅ መጠናቸውን እኩል አድርጎ፣ የትኛው እንደሚጫወት ሳይነገራቸው አድማጮችን ፈተነ። አድማጮቹ ለመለየት አልቻሉም፤ ውጤታቸው ከግምት የሚሻል አልነበረም። አምፕሊፋየር ሁሉ አንድ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ፈተና እስከ ዛሬ ይጠቅሳሉ፤ የሚሸጡ ሰዎች ደግሞ ይሸሹታል። እኔ ፈተናውን እቀበለዋለሁ። መጠን እኩል ማድረጉ ብቻውን ብዙ ሐሰተኛ ልዩነት ያጠፋል፤ ጆሮ በጥቂት የዴሲቤል ክፍልፋይ የጮኸውን «የተሻለ» ይለዋልና፣ ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ማነጻጸር ሁሉ በዚህ ምክንያት አይታመንም። ነገር ግን ፈተናው የሚናገረው ጤነኛ ሆነው፣ በቂ መብራት አግኝተው፣ ከአቅማቸው በታች ስለሚሠሩ አምፕሊፋየሮች ነው። እንዲህ ያሉት ሳያዛቡ ስለሚያሳልፉ አንድ ይመስላሉ፤ ይህ ከክርክሬ ጋር አይጋጭም። ካፓሲተሩ የደከመ፣ ቮልቴጁ የወረደበት፣ ወይም ኃይል የሚጠማውን ስፒከር የተሸከመ ትንሽ ዕቃ ግን ከዚያ ክበብ ውጭ ነው። ማሻሻል ትርጉም የሚኖረው ከክበቡ ውጭ ካለ ዕቃ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። አንዴ ከገቡ በኋላ ሦስት እጥፍ ከፍሎ ሌላ አምፕሊፋየር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ሸክላ የሚያዳምጥ ሰው ግን ዲጂታል አድማጭ የማያውቀው ተጨማሪ ሸክም አለበት። ከመርፌው የሚወጣው ቮልቴጅ ወደ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ሸክላው ሲቆረጥም ቤዙ ሆን ተብሎ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ ከፍ ተደርጎ ነው የሚቀረጸው፤ በሁለቱም ጫፍ 20 ዴሲቤል ያህል። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ ሰፍቶ ሸክላው ላይ ቦታ ስለሚጨርስ ነው። ይህን መልሶ የሚያስተካክለው የፎኖ ክፍል የሚባለው የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ነው፤ መቶ እጥፍ ያህል ማሳደግም የእሱ ሥራ ነው። የዛሬ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ ይህ ክፍል የላቸውም፤ ያላቸውም በርካሹ የተሠራ ነው። ጉርምርምታው፣ የቤዙ መሳሳት፣ የጡሩምባው መሻከር አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከዚህች ትንሽ ክፍል ነው፤ ባለቤቱ ግን ትልቁን ዕቃ ይከስሳል። ለሸክላ አድማጭ «አምፕሊፋየር ማሻሻል» ማለት በአብዛኛው ደህና የፎኖ ክፍል መጨመር ማለት እንደሆነ ሻጮች ቢናገሩ ኖሮ ብዙ ሰው ከወጪ ይድን ነበር።

«የእኛ አሮጌ ሸክላዎች ምን አላቸውና?» የሚል ሰው አለ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲመሠርት፣ ካይፋ ሬከርድስም ተከትሎ ሲመጣ፣ አብዛኛው የወጣው ሁለት ዘፈን የሚይዝ ባለ 45 ዙር ሸክላ ነበር። ቀረጻው ቀላል ነበር፤ ሙዚቀኞቹ በአንድ ክፍል አብረው ይጫወታሉ፣ በኋላ ተለያይቶ የሚቀናበር ነገር የለም። ከዚያም ሸክላው በየቡና ቤቱ በከባድ መርፌ ታርሷል። እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ ንጹሕ አምፕሊፋየር የሚያሳየው ጭረቱን ነው ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ጭረት ግን ከሙዚቃው የተለየ ጠባይ ስላለው ጆሮ ቶሎ ወደ ጎን ይተወዋል፤ ሊተወው የማይችለው ከሙዚቃው ጋር የተዋሐደውን መዛባት ነው። ያዛባ አምፕሊፋየር ጭረቱን ከሳክስፎኑ ጋር ያጣብቀዋል፤ ንጹሑ ግን ለይቶ ያስቀምጠዋል። በአንድ ቻናል መቀረጹም እንቅፋት አይደለም። ስትራት የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2017 የሙላቱን የ1972 አልበም «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ዳግም ሲያወጣ የስቴሪዮውንም የሞኖውንም ቅጂ አብሮ አቅርቧል። ለሚያነጻጽር ሰው ትምህርት ሰጪ ነው፤ ሞኖ ግራና ቀኝን ያሳጣል እንጂ ፊትና ኋላን፣ ቅርብና ሩቅን አያሳጣም። ከበርታ ሙዚቃም በሱዳን በኩል ተቀርጾ በዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ በሸክላ የወጣ አለ፤ የሜዳ ላይ ቀረጻ ነው፣ ስቱዲዮ የለም። ነፊዎቹ ግን እዚያው ናቸው።

ክፍሉን ሳያነሱ ስለ አምፕሊፋየር ማውራት ግማሽ ወሬ ነው። ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ አሶሳ ላይ ዝናብ ይበረታል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው ዶፍ ሲወርድ ጎረቤቱን እንኳ መስማት ያቅተዋል። በዚያ ሰዓት የቫይብራፎን ጭራ ቀርቶ ሳክስፎኑም ይዋጣል፤ አምፕሊፋየሩን ከፍ ማድረግ ደግሞ ጫፉን ወደ ማስቆረጥ ይወስዳል። በበጋ ሌላ ችግር አለ፤ የሲሚንቶ ወለልና የብሎኬት ግድግዳ ድምፁን እየመለሱ ይደራርቡታል፣ የዋዛው ቅብብሎሽ ዓይነት ፈጣን ሙዚቃ በራሱ ማሚቶ ይሸፈናል። የአካባቢው ሰው ግን መድኃኒቱን በእጁ ይዟል። ምዕራብ ኢትዮጵያ የቆላ ቀርከሃ አገር ነው፤ ሽመሉ አጥር፣ ግድግዳ፣ አልጋ፣ ምንጣፍ ይሆናል። የተሸመነ ቀርከሃ ገጹ ወጣ ገባ፣ መካከሉ ክፍት ስለሆነ ድምፁን እንደ ልስን ግድግዳ በአንድ አቅጣጫ አይመልሰውም፤ ይበትነዋል። ከስፒከሮቹ ኋላና ከአድማጩ በስተጀርባ የቆመ የቀርከሃ ሰሌን፣ ወለል ላይ ከተነጠፈ ወፍራም ምንጣፍ ጋር፣ ከብዙ ውድ አምፕሊፋየሮች የበለጠ ነፊዎቹን ይለያያል። ዋጋው ደግሞ አይወራም።

አብዛኛው ሰው ዛሬ የሚያዳምጠው በስልክና በትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ነው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን? የሚለውም ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል፤ ትንሽዋ ስፒከር ከ150 በታች የምታወጣው ከቁጥር አይገባም። ሰው ግን ቤዙ የጠፋ አይመስለውም። ጆሮ ከተረፉት ተባባሪ ድምፆች ተነስቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ስለሚሞላ ነው። ይህ የጆሮ ድንቅ ችሎታ ለአንድ ዜማ ይበቃል። ብዙ ወፋፍራም መሣሪያዎች አብረው ሲሆኑ ግን ተባባሪ ድምፆቻቸው ስለሚደራረቡ ጆሮ የትኛው የማን እንደሆነ ይምታታበታል። ከዋዛው ስብስብ ረጃጅሞቹ ጡሩምባዎች በስልክ ላይ ቢታወቁም አይለያዩም። ጆሮ ማዳመጫ ይሻላል፤ በትክክል ለሚያዳምጥ ሰው በትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚሰጥ እሱ ነው፣ የቤት አምፕሊፋየር ነጋዴ ባይወደውም። የሚጎድለው ድምፁ በክፍል ውስጥ መቆሙና ከሌላ ሰው ጋር አብሮ ማዳመጡ ነው።

ከሌላ ወገን ደግሞ ዋዛ አምፕሊፋየር አያስፈልገውም የሚል ይመጣል፤ ልክ ነው። ለሜዳ የተሠራ ሙዚቃ ነው፤ ነፊዎቹ እየተንቀሳቀሱ ሲነፉ ድምፁ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ አድማጩ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በቦታው ይለያቸዋል። በበዓል መድረክ ላይ አንድ ማይክሮፎን ፊታቸው ተተክሎ፣ በደከመ አምፕሊፋየር በኩል በአንድ ጎን ባለ ትልቅ ስፒከር ሲለቀቅ የሚጠፋው ይህ ነው፤ ለማይክሮፎኑ የቀረበው ጡሩምባ ሌሎቹን ይውጣቸዋል፣ ቅብብሎሹ የአንድ ሰው ጩኸት ይሆናል። በተቀዳ ሙዚቃ ግን ምርጫ የለንም። ቦታው በቀረጻው ስለጠበበ፣ የቀረውን ልዩነት መጠበቅ የመሣሪያው ሥራ ይሆናል።

ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ያለቀ መርፌ ከሁሉ ይቀድማል፤ ሸክላውንም ያበላሻልና። ቀጥሎ የስፒከሮቹ አቀማመጥና የክፍሉ ማስተካከያ ነው። ከዚያ ፎኖ ክፍሉ፣ መብራቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ ከእሱ እኩል ስታቢላይዘር ይታሰብበታል። አምፕሊፋየሩ ራሱ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። በወርቅ የተለበጠ መሰኪያ «ድምፅ ያጠራል» እየተባለ ይሸጣል፤ ኩርሙክን የመሰለ የወርቅ ምድር ባለበት ክልል ይህ ወሬ ደምበኛ ባያጣም ወርቅ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከመዳብ ያንሳል። ጥቅሙ አለመዛጉ ብቻ ነው፤ እርጥበት ባለበት ክረምት ያም ጥቅም ነው፣ ግን ድምፅ ማጣሪያ አይደለም።

አንድ ዕቃ መቀየር እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ለማወቅ ቀላል ሙከራ አለ። ብዙ ነፊ አንድ ላይ የሚገባበትን ቦታ መርጦ፣ ሰው ለሰው እየተነጋገረ ሊሰማው በሚችል መጠን ማጫወትና ነፊዎቹን መቁጠር። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና መቁጠር። ቁጥሩ ከቀነሰ አምፕሊፋየሩ ወይም መብራቱ ከአቅሙ አልፏል፤ ያው ሙከራ ጎረቤት ሁሉ በሚተኛበት እኩለ ሌሊት ሲደገም ቁጥሩ ከተመለሰ ጥፋተኛው ሶኬቱ ነው፣ ስታቢላይዘር ይበቃዋል። በዝቅተኛውም መጠን መቁጠር ካልተቻለ አምፕሊፋየር መግዛት አይረዳም፤ ያኔ መመርመር ያለበት መርፌው፣ ፎኖ ክፍሉ ወይም ባዶው የብሎኬት ግድግዳ ነው። በሁለቱም መጠን ቁጥሩ አንድ ከሆነ፣ ለአምፕሊፋየር የታሰበው ብር ለሌላ ሸክላ ይዋል።